የቅድሚያ ሰልፍ

የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ የጸደቀ ሰሞን፣ የሰፈራችን ብረት በያጅ «ጋሼ፣ ስንት ዜሮ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከ193 ጀርባ አሥር ዜሮ እንደሚደረደር ነገርኩት። «ታዲያ አንዷ እንኳ ወደ እኛ ትንከባለላ!» አለና መነጽሩን አወረደ።

የሚገርመው፣ እሱም ቅድሚያ የተሰጠው ሰው ነው። በአገሪቱ የአሥር ዓመት የልማት ዕቅድ ግብርና ቅድሚያ አለው፤ አምራች ኢንዱስትሪም ቅድሚያ አለው፤ ማዕድኑ፣ ቱሪዝሙና ዲጂታሉም እንደዚያው። አምስቱም አንደኛ! የታክሲ ሰልፍ እንዲህ ቢሆን ተራ አስከባሪው ጥሎ ይሄድ ነበር። ሳይሰለፍ ገብቶ ጋቢና የሚቀመጠው ግን የዕዳ ክፍያ ነው። እሱን ማንም «ወንድም፣ ተራ ያዝ» አይለውም።

ራስን መቻልማ እየተለማመድነው ነው። በ2014 «ኢትዮጵያ ታምርት» ከተባለ ወዲህ ስለ ተኪ ምርት ያልተሰበሰበ የለም። አዳራሹ ውስጥ ማይክራፎኑ፣ ፕሮጀክተሩ፣ ሪባን የሚቆረጥበት መቀስ ሳይቀር በዶላር የመጣ ነው። ጭብጨባው ብቻ መቶ በመቶ የአገር ውስጥ ምርት ነው (እሱም ቢሆን የውሎ አበል የሚባል ግብዓት ይፈልጋል)።

የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ በያጁ የኤሌክትሮድ ዋጋ ሲጠይቅ ሻጩ መጀመሪያ ስልኩን ያያል። ትናንት መብራት ጠፍቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ቅድሚያዬን እየጠበቅሁ።»