ያልተከፈተው ሲዲ ውዳሴ

የዘመናችንን ፍጹም ተሐራሚ የሚሻ ሰው ገዳም ለገዳም አይንከራተት፤ ሲዲ ሰብሳቢውን ይጎብኝ። ሶኒና ፊሊፕስ በአንድነት የፈለሰፉት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በጃፓን ለገበያ የወጣው፣ ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነው ይህ ክብ ነገር፣ ድምፅን በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ለክቶ መያዙ በእውነት ዕፁብ ድንቅ ነው፤ ይህን ሁሉ ጥበብ በገንዘብ ገዝቶ፣ በመደርደሪያ አኑሮ፣ ዕድሜ ልክ ሳይሰሙት መኖር ግን ከዚያ የሚበልጥ ተጋድሎ ነው።

የማውቀው አንድ ሰብሳቢ፣ ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ ያወጣቸውን የኢትዮፒክስ ቅጾች በቁጥራቸው ተራ ደርድሮ፣ የሙላቱ አስታጥቄን 4ኛውን፣ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን 21ኛውን፣ ሁሉንም ከነላስቲካቸው በክብር አስቀምጧቸዋል፤ ላስቲኩ ከተቀደደ ዋጋቸው ይወድቃልና። ለመስሚያ ብሎ ሁለተኛ ቅጂ ቢገዛም፣ እሱም ሲመረመር ጭረት የሌለበት ንጹሕ ሆኖ ስለተገኘ፣ እንደ በኩሩ ሁሉ ሳይከፈት ቀረ። (ዜማው ሲያምረው በስልኩ ይሰማል፤ ሥጋ ደካማ ነው።)

እንግዲህ ከተከፈተው ያልተከፈተው፣ ከተሰማውም ያልተሰማው የሚከብር ከሆነ፣ ከሁሉ በላይ ሊከብር የሚገባው ከቶ ድምፅ ያልተቀዳበት ሲዲ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው፤ ላስቲኩ እስካልተቀደደ ድረስም አንዱን ከሌላው ለይቶ የሚያውቅ ፍጡር የለም። ባዶው ደግሞ ዋጋው እጅግ ርካሽ ነው፤ ይህን ግን ለሰብሳቢው የሚነግረው ደፋር እስካሁን አልተገኘም።

ለልደቱ ስጦታ ያሰባችሁለት ወዳጆቹ ሆይ፣ አደራችሁን፣ ማጫወቻ ብቻ እንዳትገዙለት።