ሁሉን አዛዡ ሪሞት

ሦስት ሪሞት በአንድ ለመተካት መጀመሪያ የጠፉትን ሦስቱን ማግኘት ግድ ነው፤ የሎጂቴክ ሃርመኒን የመሰለ፣ ዕቃዎችን በአንድ የሚያዝ ማዕከል የማያውቀው ዕቃ ከገጠመው ትእዛዙን የሚማረው ከአሮጌው ሪሞት ነውና። ሟች ወራሹን አሠልጥኖ ይሰናበታል። ከዚያ መተግበሪያ ማውረድ፣ አካውንት መክፈት፣ የዋይፋይ የይለፍ ቃል ማስገባት፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አጎንብሶ የሞዴል ቁጥር ማንበብ፤ ይህ ሁሉ ድምፅ ለመቀነስ። ትልቁ ጉድ ግን ትእዛዙ የሚተላለፍበት ኢንፍራሬድ የአንድ አቅጣጫ መንገድ መሆኑ ነው። ማዕከሉ «ተከፈት» ብሎ የማይታይ ብርሃን ይረጫል እንጂ መልስ አይሰማም፤ ቴሌቪዥኑ መታዘዙን በእምነት ይመዘግባል። በመሃል ሰው ካለፈና መክፈቻውም መዝጊያውም አንድ ቁልፍ ከሆነ፣ ቀጣዩ ትእዛዝ የተዘጋውን ይከፍታል፣ የተከፈተውን ይዘጋል። ስለዚህ ለብዙ የሃርመኒ ሪሞቶች የእርዳታ ቁልፍ ተበጀላቸው፤ ሲጫኑት «ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል?» ብሎ ባለቤቱን ይጠይቃል። ሁሉን አዛዡ ሪሞት መረጃ ይለምናል ማለት ነው።

«አንዴ ከተስተካከለ እኮ በአንድ ቁልፍ ሁሉም ይሠራል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ለአዛውንትም ያቀላል። ይሁንና «አንዴ» የሚቆየው አዲስ ዕቃ እስኪገዛ ነው። ሎጂቴክም በ2021 እ.ኤ.አ. ምርቱን ማቆሙን አስታውቋል፤ የነባር ደንበኞች ቅንብር በኩባንያው ሰርቨር ላይ ተቀምጧል፣ ሪሞቱ ግን ሳሎን ነው።