የቆመ ቮልስዋገን ለምን ይነሳል?

በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች፣ ግቢው ሰፋ ዛፉ ገዘፍ ባለበት ቤት፣ በሸራ የተሸፈነ አንድ ቮልስዋገን ማግኘት ብርቅ አይደለም። ጎማው ተንፍሶ መሬት ይዟል፤ በመስኮቱ የሽንኩርት ጆንያ ይታያል፤ የኋላ ወንበሩ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። በየጥቂት ዓመቱ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ባለ አንድ እሑድ፣ ዶሮዋ ትወርዳለች፣ ሸራው ይገፈፋል፣ መኪናው እንዲነሳ ይደረጋል። ጉዳዩ እስከ ዛሬ ለመካኒኮች ብቻ ተትቶ ስለኖረ ዋናው ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀርቷል፦ መኪናው የሚነሳው ለምንድን ነው? «ሊነዳ ነዋ» የሚለው መልስ ለጆሮ ይጥማል፤ ማስረጃ ግን የለውም። ነገሩን ረጋ ብሎ ለመረመረው፣ የቆመ መኪና የሚነሳው ለመሄድ ሳይሆን የመቆም ፈቃዱን ለማሳደስ ነው። የሚሄድ መኪና በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ እንደሚለጥፍ ሁሉ፣ የቆመውም አልፎ አልፎ አንዴ ጮሆ ለሚቀጥሉት ዓመታት መቆሚያ የሚሆነውን ቦሎ ይቀበላል።

ይህን ለመረዳት ጥገናው ከየት እንደሚጀመር ማየት ይበቃል። ለዓመታት የቆመ መኪና የሚያመው ነገር የታወቀ ነው። የቀረው ቤንዚን ቀላል ቀላሉ ተንኖ ሙጫ ይሆንና የካርቡራቶሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። በባትሪው እርሳስ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፣ የፑንቲናው ጫፍ ይበላሻል፣ ሽቦውን አይጥ ትቀረጥፈዋለች። ከሁሉም የከፋው ፍሬኑ ነው። የፍሬን ዘይት በባሕርዩ ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ ሲሊንደሩን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ፒስተኑም ባለበት ነክሶ ይቀራል። እንግዲህ ሊነዳ የታሰበ መኪና መፈታት ያለበት ከፍሬኑ ነው። ሄዶ የማይቆም መኪና ጭራሽ ካልሄደው እንደሚብስ ለማወቅ ጋራዥ መዋል አያሻም። ሆኖም በግቢ ጥገና ፍሬን ቀድሞ ሲፈታ አይታይም። የሚጀመረው ከሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ገና ሳይነሳም ክላክስ ይሞከራል። ሞተርንና ክላክስን ከፍሬን፣ ከጎማና ከመሪ የሚለያቸው ጠባይ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ድምፃቸው አጥር ይሻገራል።

ባትሪውም የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። ለዚህ ሥራ ባትሪ አይገዛም፤ ከጎረቤት ይዋሳል፣ «እስከ ማታ» ተብሎ። በዚህም መኪናው ለስንት ሰዓት ሕያው እንዲሆን እንደታቀደ፣ ቁልፍ ሳይዞር በፊት ከባትሪው መመለሻ ሰዓት ማወቅ ይቻላል። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ሲሆኑ ከጎረቤት የሚመጣው ባትሪ ባለ 12 መሆኑ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። ሞተሪኖው ያልለመደው ኃይል ደርሶት በቁጣ ይሽከረከራል፤ በዚህ መሃል መብራት የነካ ሰው ካለ አምፖሎቹን ይሰናበታቸዋል። ማታ ሊነዳው ያሰበ ሰው ይህን በገዛ መኪናው ላይ አይፈጽምም።

ስለ ተሰብሳቢው ዝም ማለት አይገባም። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ሰዉም የሚከበው ከኋላ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር በመሆኑ ራዲያተር የለውም፤ ይህ በተሰብሳቢው ክርክር ላይ ትልቅ ጉድለት ያመጣ ነበር፣ የካንዴላ ገመድ ባያካክሰው። አራቱ ሲሊንደሮች የሚለኩሱት በ1፣ 4፣ 3፣ 2 ቅደም ተከተል ነው። ሞተሩ ከዚህ ውጭ ድርድር አያውቅም፤ በቦታው ያሉት አጎቶች ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቅደም ተከተል አላቸው፣ ሁሉም በተራ ይሞከራል። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው የሚለካው በሲጋራ ፓኮ ቅዳጅ ነው። አንዱ ቤንዚን በካርቡራቶሩ አፍ ያንቆረቁራል፣ ሌላው «አታብዛበት፣ ይታነቃል!» ይላል፣ ሦስተኛው የጀርመን ብረት እንዲህ በቀላሉ እንደማይሞት ያስረዳል። ይህ ሁሉ ሰው ለጥገናው እንደማይጠቅም፣ እንዲያውም እንደሚያዘገየው ግልጽ ነው። መኪና ለመንዳት ሸንጎ አያስፈልግም። ፈቃድ ለማሳደስ ግን ያለ ምስክር አይሆንም፤ ስለዚህ አይባረሩም፣ ቡናም ይፈላላቸዋል።

ለክርክር ጨርሶ የማይመቸው ማስረጃ ግን የግቢው አቀማመጥ ነው። ቮልስ 1 ሜትር ከ54 ሳንቲም ስፋት አለው። በመኪናውና በግቢው በር መካከል የተሠራው የኪራይ ሰርቪስ፣ ከአጠገቡም የተተከለው የውሃ ሮቶ የሚተዉት መተላለፊያ ለእጅ ጋሪ ይበቃል፣ ጋሪው ጠባብ ከሆነ። ሰርቪሱን ያሠራውም ሆነ ፑንቲናውን የሚያስለውጠው ሰው አንድ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ አእምሮው ጤነኛ ነበር።

እዚህ ላይ «ሰውየው መኪና ተወዶበት እንጂ!» የሚል ተቃዋሚ መነሳቱ አይቀርም። ተቃውሞው የዋዛ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዕድሜያቸው በገፋ መጠን ግብር ቆለለባቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ፋብሪካውም ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ካመረተ በኋላ የመጨረሻውን ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 አውጥቶ ምርቱን አቁሟል። ታዲያ ዋጋ ምክንያት ከሆነ ሁለት መንገድ ነበረ፤ መንዳት ወይም መሸጥ። የማይነዳበትን አይተናል። መሸጡንም ባለቤቱ አይፈልግም፤ ከዓመታት በፊት ቀርቦለት የናቀውን ዋጋ ግን እስከ ዛሬ ለሰማ ሁሉ ይናገራል። የዚህ ሥርዓት እውነተኛ ተቆጣጣሪ ቁራሌው ነው። ጠርሙስና ያረጀ ብረት ሊገዛ ገብቶ፣ ወደ ሸራው በአገጩ እያመለከተ «ይሄስ?» ሲል፣ ባለቤቱ ደረቱን ነፍቶ «ይነሳል እኮ!» የሚለው በቅርቡ ተነስቶ ከሆነ ብቻ ነው። ሦስት መስከረም ዝም ብሎ ያለፈ መኪና ለቁራሌው መልስ የለውም።

ሌላው ተቃውሞ ለስለስ ያለ ነው፦ መኪናው የአባት መታሰቢያ ነው ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ የማይሸጥበትን ምክንያት እንጂ የሚነሳበትን አያስረዳም። የአባት ፎቶ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ቤንዚን የሚያንቆረቁርበት የለም።

ተጠግነው፣ ቀለም ተቀብተው፣ በከተማው ሽር የሚሉ ቮልሶች መኖራቸውን የሚጠቅስም አለ። አሉ፣ ደግሞም ያምራሉ። ግን ከግቢ እንዴት እንደወጡ ባለቤቶቻቸውን ይጠይቋቸው። ብዙዎቹ የወጡት ሳይነሱ ነው፤ አጥር ፈርሶላቸው፣ በጭነት መኪና ላይ ተጭነው ወይም ተጎትተው ወደ ጋራዥ ሄደዋል። እዚያም መካኒኩ በመጀመሪያ የፈታው ፍሬናቸውን ነው። መሄድ የተፈለገበት መኪና በግቢው ውስጥ ሲያስነሱት አለመዋሉ የዚህን ጽሑፍ አቋም ያጠናክራል እንጂ አያናጋውም።

በግቢው ያለው ቮልስ ግን፣ ከብዙ ሙከራ በኋላ፣ ሰማያዊ ጭስ ተፍቶ ይነሳል። ጥቂት ደቂቃ ይንተከተካል፣ እማማ እልል ይላሉ፣ ልጆች ክላክሱን ይነፋሉ፣ ከዚያ «ይበቃዋል» ተብሎ ይጠፋና ሸራው ይመለሳል። ስለዚህ ያ ቆርቆሮ ከግቢ ይውጣልኝ የሚል የቤተሰብ አባል ካለ፣ ከሞተሩ ጋር ከሚጣላ በመስከረም ባትሪ እንዳይገኝ ቢያደርግ ይሻለዋል። ጎረቤት የሆኑ አንባቢ ደግሞ ባትሪዎን ሲጠየቁ አይሳሱ፤ ያውሱ። እስከ ማታ ይመለስልዎታል።