የምወቅሰው ሰው አሳጡኝ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ይዞት የሚወጣ አንድ መብት አለ፤ መውቀስ። ጉልበት ሄዷል፣ ደመወዝ ሄዷል፣ ጥርስም በወረፋ እየሄደ ነው። ወቀሳ ግን እስከ ዕለተ ሞት የማይቋረጥ አበል ነው። ሬዲዮ ሲበላሽ የሸጠህን ነጋዴ፣ ዝናብ ሲዘገይ የዘንድሮን ትውልድ፣ እንጀራው ሲኮመጥጥ ጤፉን ያመጣውን ሰው ትወቅሳለህ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ማሽን ስጠግን ኖሬ ቤቴ ስገባ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ጣና ዳር፣ ዘንባባ ሥር ቁጭ ብዬ ባሕር ዳርን ከላይ እስከ ታች ልወቅስ።

አልሆነም። ሁለት ነገሮች መጡና መብቴን ቀሙኝ። አንደኛው ሊኑክስ ይባላል፣ ሁለተኛው ብስክሌት ነው። ሁለቱም ሲበላሹ ጥፋቱ የራስህ ነው፤ የሚጠግናቸውም ራስህ ነህ። እንዲህ ያለ ነገር ለሽማግሌ አይሰጥም።

ነገሩ የተጀመረው ልጄ ትታልኝ በሄደችው ላፕቶፕ ነው። ስጫነው አቦል ይቀዳል፤ እሱ የሚነሳው በረካ ላይ ነው። የጎረቤት ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ የሚጠባበቅ፣ ሁለት ሦስት ቀን አይቶኝ አላስችል አለው። «ጋሼ፣ ሊኑክስ እናስገባበት» አለኝ።

«ማን ነው እሱ?»

ሄልሲንኪ ከተማ የሚኖር ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ተማሪ፣ በእኛ ነሐሴ 1983 ላይ፣ ለራሱ መዝናኛ ብሎ እየሠራሁት ነው ያለው፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም እንደሆነ አስረዳኝ። ነሐሴ 1983! ያን ክረምት እንዴት እረሳዋለሁ። ደርግ ከወደቀ ሦስት ወሩ ነው። እኛ ጆሯችንን ሬዲዮ ላይ ደቅነን ማን ይሾም ማን ይሻር እያልን ስንጨነቅ፣ ያ ልጅ እናቱ ቤት ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር ይነካካ ነበር። እኛ መንግሥት ለወጥን፣ እሱ ማሽን ለወጠ። የማናችን እንደሰመረ በዚህ ዕድሜዬ በአደባባይ አልናገርም።

«ዋጋውስ?» አልኩት።

«ነፃ ነው።»

«በነፃ ነው?»

«በነፃም ነው ጋሼ፣ ዋናው ግን ነፃ መሆኑ ነው።»

መጀመሪያ የተሳለቀብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ትልቅ ጉዳይ ኖሯል። ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ ይህን የነፃ ሶፍትዌር ነገር በ1976 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከጀመረ ወዲህ፣ «የምላችሁ ስለ ነፃነት እንጂ ስለ ዋጋ አይደለም» እያለ ሲያስረዳ አርባ ዓመት አልፎታል። በእንግሊዝኛ ሁለቱም አንድ ቃል ናቸውና ሰው አይገባውም። እኛ ዘንድ አንዲት «በ» ትበቃው ነበር። ሰው ግን አያማክርም።

አስገባነው። እውነቱን ለመናገር ላፕቶፑ አቦል ሳይቀዳ መነሳት ጀመረ። እኔ ግን ለምስጋና አልተፈጠርኩምና ወደ ጉድለቱ ልሂድ። መጀመሪያ ዋይፋዩ አልሠራ አለ። ልጁ፣ ዋይፋዩ ድራይቨር፣ ነጂ የሚባል ፕሮግራም ያስፈልገዋል አለኝ። ከየት ይመጣል? ከኢንተርኔት። ኢንተርኔቱስ በምን ይመጣል? በዋይፋዩ። ጉድጓድ ውስጥ የገባን ሰው መሰላሉን ራስህ ወጥተህ አምጣ እንደማለት ነው። በመጨረሻ የስልኬን ዳታ በገመድ ሰጠነውና ወጣ፤ የሳምንት ጥቅሌን በልቶ።

ቀጥሎ ሱዶ የሚባል ትእዛዝ አለ። ከባድ ሥራ ልትሠራ ስትል የይለፍ ቃል ይጠይቅሃል። ስትጽፍ ግን የምትጽፈው ፊደል በስክሪኑ ላይ አይታይም፤ ኮከብ ብቻ ይደረደራል። ጣቴ የከዳኝ መስሎኝ አሥር ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ መጀመሪያ የነካሁት ቀን፣ ልጁ ሱዶ የሚታወቅበትን ሦስት ምክር ደርድሮ አሰማኝ፤ የሰው ገመና አክብር፣ ከመጻፍህ በፊት አስብ፣ ሥልጣን ኃላፊነት አለው ዓይነት። ስንት ባልና ሚስት ያስታረቅሁ፣ ስንት ድንበር የለየሁ ሰው በማሽን ልመከር!

ተናድጄ ልጁን ጠራሁት። «የዚህ ነገር ባለቤት ማን ነው? አቤት የምለው ለማን ነው?»

ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ እርስዎም ባለቤት ነዎት።»

በሕይወቴ ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ባለቤት ከሆንኩ ማንን ልክሰስ? ራሴን ሸንጎ ላቁም?

ባለቤት ካልን የእኔይቱን ባለቤት እናንሳ። እኔ ቤት የገባው ሊኑክስ ሚንት የሚሉት ዓይነት ነው። የሚንት ሰዎች እያንዳንዱን እትም በሴት ስም ይጠሩታል። አንድ ማታ ከልጁ ጋር በስልክ ሳወራ ድምፄን ዝቅ ማድረግ ረሳሁ። «ቫኔሳን ትቼ ወደ ቬራ ልሂድ ወይስ ቪክቶሪያ እስክትመጣ ልታገሥ?» እያልኩ ነበር። ዞር ስል ባለቤቴ ማማሰያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «አንተ ሰውዬ፣ ጉልበቴን ያመኛል አላልክም?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ኮምፒውተሩን ስከፍት «ሰላም በልልኝ» ትላለች፤ ለየትኛዋ እንደሆነ አትናገርም።

የሰዓቱን ነገር ግን ረጋ ብዬ ካልተናገርኩት ያንቀኛል። ኮምፒውተር ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። እኔ ደግሞ ጠዋት አንድ ሰዓትን ሰባት ነው የሚለኝን ማሽን አላምንም። ለልጁ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና የሰዓት ቀጠናውን ነካክቶ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ብከፍተው አንድ ሰዓት ይላል! እኩለ ቀን ላይ ስድስት ይላል! ደስ ብሎኝ ምን አድርጎ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ቦነስ አይረስ አደረግሁት» አለኝ።

አርጀንቲና! ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኛ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፣ እነሱ ሦስት ሰዓት ይቀራሉ፣ በመካከላችን ስድስት ሰዓት አለ። ያ ስድስት ሰዓት ደግሞ ሀበሻና ፈረንጅ በሰዓት አቆጣጠር የሚለያዩበት ነው። እነሱ ዘንድ እኩለ ሌሊት ሆኖ ቀኑ ሲለወጥ፣ እኛ ዘንድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ ማሽኑ ቀን የሚለውጠው አያቶቼ ቀን በሚለውጡበት ሰዓት፣ ወፍ ሲንጫጫ ነው። ኤኤም ሲል ቀናችን፣ ፒኤም ሲል ሌሊታችን ነው። የሀበሻን ሰዓት በትክክል የሚያውቅ ማሽን ባሕር ዳር ላይ አለኝ፤ ግን የሚኖረው ደቡብ አሜሪካ መስሎት ነው። በዚህ ማንን እወቅሳለሁ? የቦነስ አይረስን ከንቲባ?

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እኔ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ የወር መዋጮው መዝገብ በኤክሴል ስለሆነ ዊንዶውሱ ከሊኑክሱ ጎን እንዲቀመጥ አድርገናል። አንድ የሐምሌ እሑድ ስብሰባ ነበረን፣ 8 ሰዓት ላይ። ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ተደፍቷል፣ ፀሐይ የለችም፣ ስልኬ ባትሪው አልቋል፣ ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም። መዝገቡን ላይ ብዬ ዊንዶውሱን ከፈትኩ። ሰዓቱን አየሁ፤ ሰባት ተኩል ይላል። ሆዴ «ኧረ ገና ነው፣ ምሳ አልበላንም» አለኝ። ሆዴን አላመንኩትም፤ በልቼ የረሳሁ መስሎኝ ነበር። ማኅተሙን በኪሴ፣ መዝገቡን በብብቴ አድርጌ በዝናብ ሄድኩ። የዕድሩ አዳራሽ ተቆልፏል። ከበሩ ሥር ቁጭ ብዬ የሰዉን አለመምጣት ቀጠሮ ከማያከብር ትውልድ ጋር እያያያዝኩ እየወቀስኩ ነበር፤ ያን የመሰለ ወቀሳ ከጡረታ ወዲህ አልተገኘልኝም። ሦስት ሰዓት ሙሉ! ለካ ስደርስ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነበር።

ልጁን አስጠራሁት። ቀስ አድርጎ አስረዳኝ። በማሽኑ ሆድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሰዓት አለች፤ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም እሷ ትቆጥራለች። ሊኑክስ ያቺን ሰዓት በግሪንዊች ይሞላታል። ዊንዶውስ ደግሞ ሲያያት የአገሩ ሰዓት ትመስለዋለች። ስለዚህ ኢንተርኔት አግኝቶ ካልታረመ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እኔ ደግሞ ያን የተዛባ የፈረንጅ ሰዓት እንደ ሀበሻ አንብቤ ሄድኩ።

«ታዲያ ጥፋተኛው የትኛው ነው?»

«ሁለቱም ልክ ናቸው ጋሼ።»

«ሁለቱም ልክ ከሆኑ ዝናብ የመታው ማን ነው?»

አንዲት መስመር ጻፈና አስተካከላት። አሁን ሁለቱም የሀበሻ ሰዓት ያሳያሉ፤ አንደኛው ቦነስ አይረስ ነኝ ብሎ አምኖ፣ ሌላኛው ተታሎ። ዊንዶውሱ ኢንተርኔት ያገኘ ቀን እውነቱን ይሰማና እንደገና እንጣላለን።

ወደ ብስክሌቱ። ባሕር ዳር የብስክሌት አገር እንደነበረች ለዚህ ትውልድ መንገር ደክሞኛል። ሜዳ ከተማ ናት፤ ዳገት ቢያምርህ ቤዛዊት ኮረብታ ድረስ መሄድ ነበረብህ። ሠራተኛው በብስክሌት፣ ተማሪው በብስክሌት፣ ሙሽራም ቢሆን በብስክሌት ሲሄድ አይቻለሁ። ከዚያ ባጃጅ መጣ፣ ሁሉም ሰው ሁለት መቶ ሜትር ለመሄድ እጁን መዘርጋት ለመደ። አበበ ቢቂላን ሁሉም ያውቃል፤ ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሎምፒክ በሄደችበት በ1949 ሜልበርን ላይ ብስክሌተኞቻችን እንደነበሩ ብጠይቅ ግን ዓይኑን ያፈጥብኛል።

እኔ የቻይና ፊኒክስ ብስክሌቴን ግድግዳ ላይ ሰቅያት ነበር። ያው ልጅ አየና ካላወረድናት አለ። ወረደች። የጎማው ነገር፣ የፍሬኑ ነገር፣ የካቴናው ነገር! የብስክሌት ዕቃ ስሙ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፣ የኮምፒውተር ዕቃ ስሙ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በሁለት ባዕድ ቋንቋ ስሳደብ ነው የምውለው። ማስቲሽ እየቀባሁ፣ ኩሽኔታውን በግራሶ እያሸሁ ሳምንት ፈጀሁ። ከዚያ እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ተሰብስበው ከሚጋልቡ ወጣቶች ጋር ደባለቀኝ።

አለባበሳቸውን ልናገር? ይቅርብኝ። ሱሪያቸው ተቀብቶ የተለበሰ ይመስላል። እኔ በጋቢዬ ነው የሄድኩት። መሪያቸው፣ የልጅ ልጄን የምታክል ልጅ፣ «አባባ፣ ሄልሜት ያድርጉ» ብላ በቆቤ ላይ ደፋችብኝ። በ2016 በተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ሄድን። 380 ሜትር ነው፣ ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለው። ድሮ በአሮጌው ድልድይ ከጭነት መኪና ጋር ትከሻ ለትከሻ ስንሄድ ብወድቅ የምሰድበው ሾፌር ነበረኝ። አሁን ለብቻዬ በተሰጠኝ ሰፊ መንገድ፣ መኪና በሌለበት፣ ነፋስ በሌለበት፣ የጋቢዬ ጫፍ ካቴናው ውስጥ ገባና ወደቅሁ። ዞር ብዬ የምወቅሰው ፈለግሁ። ዓባይ ብቻ ነበር፤ እሱም ጥሎን ወደ ሱዳን እየሄደ ነው።

ልጆቹ ከብበው ጋቢዬን በካቻቢቴ ፈልቅቀው አወጡልኝ። አንዱ ጠርዙን ቆረጠልኝ። በማግስቱ ያ የቆረጠው ልጅ የታናሽ ወንድሙን ብስክሌት ይዞ ግቢዬ መጣ፤ «ፍሬኑን ያዩልን?» ብሎ። አየሁለት። በሳምንቱ አራት መጡ። አሁን ቅዳሜ ግቢዬ ውስጥ ዶሮ የሚረግጥበት ቦታ የለም። ባለቤቴ ለሁሉም ቡና ታፈላለች፤ እኔን ነው የማታናግረኝ።

ይባስ ብሎ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዊንዶውስ 10 ጡረታ ወጣ። ከእንግዲህ ጠጋኝ የለውም ተባለ፤ አዲሱን ደግሞ የሰፈራችን ኮምፒውተር ሁሉ አይችለውም። ጎረቤቱ ላፕቶፑን በፌስታል፣ በሻንጣ፣ አንዱማ በሰፌድ አድርጎ መጣ። አስገባሁላቸው። ያን ቀን ነው ጥፋት የሠራሁት። ድሮ ወቃሽ ነበርኩ፤ አሁን የሚወቀሰው ሰው ተገኘ። ድምፁ ሲጠፋ «ጋሼ ያስገቡብኝ ነገር»፣ የፔዳሉ ብሎን ሲላላ «ጋሼ ያጠበቁት»፣ መብራት ሲጠፋ እንኳ አንዲት ሴት በበሩ አልፋ «እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

ትናንት የዕድሩ ሊቀ መንበር ባለቤት ፕሪንተር አሸክመው መጡ። አላትም ብሏል። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ከኋላ ጎማዋ የተነፈሰች ብስክሌት ይገፋል። ሁለቱንም ጠረጴዛዬ አጠገብ አቆሙ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ የዚያን የጎረቤት ልጅ መልስ ወረወርኩላቸው።

«እትዬ፣ እርስዎም እኮ ባለቤት ነዎት።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «እኔ ባለቤቴ አንድ ነው» አሉ። «እሱም አትሞ አያውቅም። ይህን ለነገ አድርስልኝ።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ከጓዳ የባለቤቴ ሳቅ ይሰማል። ሰዓቱን አየሁ፤ በቦነስ አይረስ አቆጣጠር 11 ከሩብ ይላል። ካልመሸ ጎማውን እንኳ ላጣብቅ ብዬ ማስቲሹን መፈለግ ጀመርኩ፤ ያስቀመጥኩበት የለም፣ አንዱ ልጅ ወስዶታል።