ስርጉዱም የባለቤቱ ነው

የጓደኛን መኪና በፕላስቲክ ሞዴል አስመስሎ መሥራት ቀላል የሚመስለው ጓደኛውን ለማያውቅ ሰው ነው። ካርቶኑ ሲከፈት ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላል፦ ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎው፣ ቸርኬው፣ ከጥፍር የሚያንሱት ስፖኪዮዎች ሳይቀሩ በፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተሰካክተው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የ1966ቱን (እንደ ፈረንጆቹ) ቮልስዋገን 1300 በ1/24 ልክ ሠርቶ ይሸጣል። የእውነተኛው ቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት፣ መሀል ለመሀል ሲለካ፣ 2,400 ሚሊሜትር ነው፤ ለ24 ሲካፈል ድፍን 100 ሚሊሜትር ይወጣዋል። ከሒሳቡ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቡ የሚመጣው ሒሳቡ ካለቀ በኋላ፣ ሁሉም ተጣብቆና ተቀብቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነው። ያኔ የተገኘው ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ቮልስ እንጂ አርባ ምንጭ ውስጥ በየቀኑ ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚወርደው የጓደኛ ቮልስ አይደለም። ስለዚህ የምከራከርለት ነገር ይህ ነው፦ የጓደኛን መኪና በእውነት የሚመስል ሞዴል የሚፈልግ ሰው፣ የገዛውን ያማረ ዕቃ በጥንቃቄና በዕውቀት ማበላሸት አለበት።

ማስረጃ አለኝ። ይህቺ መኪና 2003 (እንደ ፈረንጆቹ) ላይ ሜክሲኮ ውስጥ ማምረቷ እስኪያበቃ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ከ21 ሚሊዮን እህትማማቾች መካከል አንዷን ለይቶ ለማወቅ ፋብሪካው ምንም አይረዳም፤ የሚረዳው ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ ያገኛት ነገር ነው። በአገራችን ታሪክ ዝነኛዋ ቮልስ የትኛዋ ናት ቢባል መልሱ አያሻማም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰደባት ናት። ሮልስ ሮይስ ለለመዱ ንጉሠ ነገሥት ቮልስ ቀረበላቸው፤ ያውም ባለ ሁለት በር፣ የኋላ ወንበር ላይ ለመቀመጥ የፊቱን ወንበር አጥፎ ጎንበስ ብሎ መግባት የሚጠይቅ። ያቺን መኪና በሞዴል እሠራለሁ የሚል ሰው መብራቷንና ጎማዋን ቢያሳምር ምንም አልሠራም። የፊት ወንበሩን መደገፊያ በመጋዝ ቆርጦ ወደ ፊት ማጠፍ አለበት። ታሪኩ ያለው እዚያ ማጠፊያው ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ በካርቶኑ ውስጥ ባለው የአሠራር መመሪያ ላይ አልተሣለም።

የጓደኛ መኪና የመንግሥት ግልበጣ ባታይም የራሷ ታሪክ አላት፤ ሥራውም የሚከብደው እዚህ ነው። ስርጉዱን እንውሰድ። የሞዴሉ ፕላስቲክ ውፍረት አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ በ24 ሲባዛ 24 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ቮልስ ኖሮ ባጃጅ ቢገጨው የሚሰረጎደው ባጃጁ ነበር። ስለዚህ ፓራፋንጎውን ከውስጥ በኩል ፍቆ ወረቀት እስኪያክል ማሳሳት፣ ከዚያ በሞቀ የማንኪያ ጀርባ ቀስ ብሎ መጫን ያስፈልጋል። ፕላስቲኩ መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ትንሽ ካለፈ ግን ስርጉድ መሆኑ ይቀርና ቀዳዳ ይሆናል። በእውነተኛው መኪና ላይ አንድ ስንዝር የሚሆነው ስርጉድ በሞዴሉ ላይ አንድ ሴንቲሜትር አይሞላም። ባለቤቱ ግን ከሩቅ ያውቀዋል፤ የገጨውንም ሰው ጭምር ያስታውሰዋል። ባትላሜራው ስቱኮ ሞልቶ ያለፈው ቦታ ደግሞ ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። ስቱኮ የተሞላበት ላሜራ በጎን ሲታይ ትንሽ ያብጣል፤ በላዩ የተረጨው ቀለምም ከቀሪው አካል ጋር አንድ ነው ተብሎ የሚማልበት እንጂ አንድ አይደለም። መኪናዋ ሰማያዊ ከሆነች ሞዴል ሠሪው ሁለት ሰማያዊ ቀለም ገዝቶ ልዩነታቸውን ማክበር ይገባዋል።

ቀጥሎ የአርባ ምንጭ ፀሐይ አለ። ጣራውና ኮፈኑ ከጎኖቹ ቀድመው ይገረጣሉ፤ ከላይ እስከ ታች እኩል የደበዘዘ ሞዴል ያየ ሰው መኪናዋ ጥላ ኖሯት እንደማያውቅ ይቆጥራል። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ዕቃ የሚጫነው ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው፤ በዚህ አገር ዕቃ ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙዝ ነው፤ የሙዝ ወተት የነካው ምንጣፍ ጥቁር ነጠብጣብ ይይዛል። ጨንቻ የሚወጣ ቮልስ ከሆነ ደግሞ የኋላ ፓራውልቱ ጥቀርሻ ይፈልጋል። ምክንያቱም መኪናዋ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ስትወጣ አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን እንደ ቆላው ስለሚለካ ያልተቃጠለው ትርፍ በጭስ ማውጫው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ለአቧራው የዶርዜን ቀይ አፈር ራሱን መነስነስ የሚያጓጓቸው አሉ። አይሆንም፤ በዚህ ልክ አንዷ የአሸዋ ቅንጣት ጠጠር ታክላለች። ጠመኔ ፈጭቶ፣ ቡናማ አድርጎ፣ በለስላሳ ብሩሽ መነስነስ ይሻላል። በነገራችን ላይ በዚሁ ልክ የጫሞ ሐይቅ አዞ ቢሠራ፣ አምስት ሜትር የሚደርሰው 21 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ ቮልሷ 17። ሐይቁ ዳር መኪና የሚያጥቡ ሰዎች ይህን ስሌት ቢይዙት አይጎዳቸውም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያውና ጠንካራው፣ ይህ የጓደኛን ገመና ማውጣት ነው የሚለው ነው። ሰው ለወዳጁ ስጦታ ሲያዘጋጅ ጉድለቱን አይቀርጽለትም፤ ፎቶ አንሺ እንኳ ብጉር ያጠፋል ይላሉ። ክርክሩ የሚሠራው ግን ባለቤቱ በመኪናው ጉድለት የሚያፍር ቢሆን ነው። የአሮጌ መኪና ባለቤት የሚያወራውን ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው እውነቱን ያውቀዋል። በሩ ከውስጥ የማይከፈት መሆኑን፣ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ መማጸን እንደሚፈልግ፣ ክላክሱ መሪው ወደ ግራ ሲዞር ብቻ እንደሚጮኽ የሚናገረው በኩራት ነው። እነዚህን የሚያውቅ እሱ ብቻ ስለሆነ መኪናዋን ሌላ ሰው አይነዳትም፤ ከዚህ የሚበልጥ ቁልፍ የለም። ይህን ሁሉ ደምስሶ አዲስ ቮልስ የሚያበረክትለት ወዳጅ፣ በትህትና ቋንቋ «መኪናህን ቀይር» እያለው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የልጅ ጨዋታ ነው የሚል ነው። ለዚህ ብዙ ቀለም ማባከን አልፈልግም። ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና የሚሠሩት ልጆቻችን መጀመሪያ የሚያዩት የሰፈራቸውን አይሱዙ ነው፤ የጭነቱን አቆላለል ሳይቀር ይኮርጃሉ። አዋቂዎቹም ቢሆኑ የጭነት አይሱዙ ሻንሲ ላይ አካል ቀጥቅጠው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ያወጣሉ፤ ይህ በሙሉ ልክ የተሠራ የሞዴል ማሻሻያ ካልሆነ ምንድን ነው? አሜሪካኖቹም ይህ ነገር ቀድሞ ገብቷቸዋል። ኤኤምቲ የተባለው ኩባንያ ከ1958 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ አንዱን መኪና በሦስት መልክ መሥራት የሚያስችል ካርቶን ይሸጥ ነበር፦ እንደ ፋብሪካው፣ እንደ ባለቤቱ ምርጫ፣ ወይም ለእሽቅድምድም። አራተኛውን፣ ማለትም ባለቤቱ ሳይመርጠው የመጣውን መልክ፣ አላሰቡትም።

ሦስተኛው ግን ያሳስበኛል። ጓደኛው ነገ ተነስቶ መኪናዋን ባትላሜራ ጋ ቢወስዳት፣ ስርጉዱ ቢቃና፣ ቀለሟ አንድ ቢሆን፣ ሞዴሉ ውሸታም ሆኖ አይቀርም ወይ? ይሆናል፣ ቀን ካልተጻፈበት። ቀኑ ደግሞ የተዘጋጀ ቦታ አለው፤ የፊት መስታወቱ ላይ የምትለጠፈው ቦሎ ናት። ሁለት ሚሊሜትር ተኩል በምታህል ወረቀት ላይ ዓመተ ምሕረቱ በአንድ የብሩሽ ፀጉር ከተጻፈ፣ ሞዴሉ የዚያን ዓመት መኪና እንጂ የሌላውን እወክላለሁ አላለም። የታርጋው ጉዳይም በዚሁ ይፈታል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ የቀድሞው የደቡብ ክልል ተከፋፍሎ ጋሞ ዞን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆነ፤ በመኪናዋ ሰማያዊ ባለ 2 ቁጥር ታርጋ ላይ ግን «ደሕ» ተጽፎ ከሆነ፣ ሞዴል ሠሪው ክልሉን የማስተካከል ሥልጣን የለውም። ያየውን ይጽፋል። ባለቤቱ ሞዴሉን ተቀብሎ፣ አገላብጦ፣ ስርጉዱን በጣቱ ዳብሶ «ይቺንስ ብታቃናልኝ ምን ነበረበት?» ካለ መልሱ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ትልቋን ያቃናት።