ጀርባ ለጣና

ጋይንትም ቢች መሄድ ጀመረ፤ እልል በሉ። ከሥልጣኔ ያጎደለን ይኸው አንዱ ብቻ ነበር። ድጓው ቤተ ልሔም አለ፣ ዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ አለ፣ ብርዱ ጉና፣ ገደሉ ጨጨሆ አለ፤ ቢች ግን አልነበረንም። አሁን መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ሚኒባስ ኮንትራት ይዞ፣ ልጅ አዝሎ፣ ከነፋስ መውጫ በደብረ ታቦርና በወረታ አድርጎ ባሕር ዳር የሚወርደው ቤተሰብ በርክቷል። ሲመለስ «የት ዋላችሁ?» ቢሉት «ቢች» ይላል፤ አንገቱንም ትንሽ ቀና ያደርጋል።

እኔ ደግሞ ነገር አይቀርልኝም። «ባሕር ዳር ቢች» ማለት እኮ «ባሕር ዳር ባሕር ዳር» ማለት ነው ብዬ ለእህቴ ባል ላስረዳው ሞከርኩ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ብዙ ያየ ሰው ነው። «በአማርኛ ሲጠሩት ውኃ ነው» አለኝ፤ «የሚያዝናናው በእንግሊዝኛ ሲጠሩት ነው።» ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ሚኒባሱን ተከራየን።

እንዳትታዘቡኝ፤ ሐይቁን ባሕር ማለታችንን አልተቃወምኩም። ኤርትራ ራሷን ከቻለችበት ከ1985 ዓ.ም ወዲህ ሌላ ባሕር የለንም። ምጽዋ የነበረው የባሕር ኃይላችን፣ ጉርጉሱም የነበረው አሸዋ ለአባቶቻችን ትዝታ፣ ለልጆቻችን የጂኦግራፊ ፈተና ሆኖ ቀርቷል። በዓለም ላይ ወደብ ከሌላቸው አገሮች በሕዝብ ብዛት አንደኛ ነን፤ ይህን ያህል ሕዝብ ይዞ አንድ ቀን እግርን ውኃ ውስጥ መንከር ቢያምረን አይፈረድብንም። ጣናም ቢሆን 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማዶው የማይታይ ውኃ ባሕር ቢባል ማን ያማል? እኔን ያስገረመኝ እዚያ ከደረስን በኋላ የተቀመጥነው አቀማመጥ ነው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ቢች ለመሄድ መጀመሪያ ልጆችን አዲስ ልብስ ማልበስ ያስፈልጋል። ነጭ ጫማ ቢሆን ይመረጣል፤ ጭቃ፣ አሸዋና ውኃ ወዳለበት ቦታ ነውና የሚኬደው። አባት ቁምጣ ይለብሳል፤ ቁምጣው ጉልበቱን ለማሳየት ነው እንጂ ለመዋኘት አይደለም። መነጽር ያስፈልጋል፣ የገለባ ባርኔጣ ያስፈልጋል፣ ቻርጅ የተሞላ ስልክ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል። የዋና ልብስ አያስፈልግም።

ቢች ምን እንደሆነ ማንም በቅጡ ያልነገራት እናቴ ግን ሌሊት ተነሥታ አገልግል ሠራች። ዶሮውን ፈትፍታ፣ እንቁላሉን ከላይ ደርድራ፣ ክዳኑን በጠፍር አስራ፣ ዳቦ ቆሎውን በፌስታል ቋጥራ፣ ሁሉንም ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ ባሕር ዳር ተጓዘች። ከአንድ መናፈሻ በር ደረስን። በነፍስ ወከፍ ከፈልን፤ ጡት የሚጠባው ብቻ በነጻ ገባ። ከዚያ ጥበቃው አገልግሉን አየ።

«እማማ፣ ምንድነው የያዙት?»

«ምሳ ነው የኔ ልጅ፤ ና ቅመስ።»

«ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

«ከውጭ አይደለም፤ ከቤት ነው።»

ልጁ ጨዋ ነው፤ ምራቁን ሲውጥ አይቼዋለሁ። ግን ደንብ ደንብ ነውና አገልግሉን ተቀብሎ 14 ቁጥር ካርድ ሰጣትና ከሞተር ሳይክል ቆቦች ጎን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። እናቴ በዕድሜዋ አገልግሏ በካርድ ሲያዝ ያየችው ያን ቀን ነው። ውስጥ ገብተን ከመናፈሻው ወጥ ቤት ጥብስ አዘዝን። የዋጋውን ነገር አልናገርም፤ በጉ ከእኛው አገር ተነድቶ የመጣ ቢሆን በዚያ ዋጋ ሰባት ዘመዶቹን ይዞ ይመለስ ነበር።

አሁን ወደ አቀማመጡ ልምጣ። ሜዳው በሲሚንቶ ተለብጧል፤ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ወንበሩ ሁሉ የዞረው ወደ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። አርሰናል ይጫወታል። ጣና ከኋላ ነው። ስንቱ ሰው ከሩቅ አገር፣ ስንቱን ዳገት ወጥቶ፣ ስንቱን ቁልቁለት ወርዶ ይህን ውኃ ለማየት መጥቶ፣ ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ በለንደን ዝናብ የሚራወጡ ሰዎችን ያያል! ጎል ሲገባ የሚነሣው ጩኸት ደንገል ውስጥ ያሉትን ወፎች ያስበረግጋል። ለሐይቁ ዘወር የሚባለው ፎቶ ሲነሡ ነው፤ ያን ጊዜም ሐይቁ ከኋላ ነው። ውኃን ፊት ለፊት ማየት ምናልባት እንደ ድፍረት ይቆጠር ይሆናል።

አምስት ዓመት የሞላው የእህቴ ልጅ ይህን ሥርዓት ገና አልተማረም። ገና ከመድረሳችን አባቱን ቁምጣው ላይ ያዘው።

«አባዬ፣ ልግባ?»

«ቆይ ፎቶ እንነሣ።»

ፎቶ ተነሣን። «አሁንስ ልግባ?»

«ጫማህ! ጫማህን አታይም?»

ጫማውን አወለቀ። «አሁንስ?»

«ክልክል ነው፤ ተጽፏል።» እውነትም ተጽፏል። አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም «መዋኘት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። የቢች መናፈሻ ማለት ይህ ነው፤ ወጥ ቤት ከፍቶ «መብላት ክልክል ነው» ብሎ እንደ መጻፍ።

ፍትሕ እንዳላጓድል፣ ለክልከላው ምክንያት አለው። ጣና ጉማሬ አለው፤ ጉማሬ ደግሞ መግቢያ የቆረጠውንና ያልቆረጠውን አይለይም። በዳርቻው ቢልሃርዚያ አለ። በ2004 ዓ.ም ገደማ የታየው እምቦጭም ባለሥልጣንና ምሁር፣ ገበሬና ማሽን እየተፈራረቁበት እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ይህን ሁሉ ግን በር ላይ የነገረን የለም። በር ላይ የነገሩን ዋጋውን ነው።

አዲስ አበቤውም ቢሆን አይሳቅብን። እሱ ላንጋኖ ይወርዳል፤ ውኃው ቡናማ ነው፣ ቢልሃርዚያ የለበትም እየተባለ ቤተሰብ ሁሉ ይጎርፍለታል። ሄደው ያዩ እንደሚነግሩኝ እዚያም አብዛኛው ሰው የሚዋኘው ድራፍት ውስጥ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ ጥበቡ ተራቀቀ፤ ሐይቅ ዳር ቆሞ በቧንቧ ውኃ የሚሞላ መዋኛ ተሠራ። ሐይቁ ለማየት፣ ገንዳው ለመዋኘት፣ ሁለቱም ለማስከፈል። እኛ ጋይንቶች እዚህ ደረጃ ገና አልደረስንም፤ ግን በመንገድ ላይ ነን።

እንዲህ ነገሩን ሳመነዥከው ድንገት የትንሹ ልጅ ድምፅ ጠፋ። ስንፈልገው አጥሩ ጥግ ቆሞ፣ ፊቱን ሽቦው ላይ ለጥፎ አገኘሁት። ከአጥሩ ማዶ ሦስት አራት የአካባቢው ልጆች ራቁታቸውን ከቋጥኝ ላይ እየዘለሉ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይረጫጫሉ። አንዱ የተቀደደ ታንኳ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። ጥርሱ ሁሉ ሳቅ ነው። የእኛ ልጅ ደግሞ አዲስ ልብሱን እንደለበሰ፣ ጫማውን በእጁ እንዳንጠለጠለ በቀዳዳ ያያቸዋል። ከሁለቱ የከፈለው የትኛው እንደሆነ አንድ እንግዳ ቢጠየቅ መገመት የሚችል አይመስለኝም። (ስለ ቢልሃርዚያው እነዚያን ልጆች የሚያስጠነቅቃቸውም የለም፤ ማስታወቂያው የተለጠፈው በእኛ በኩል ነው።)

የመግቢያ ነገር ከተነሣ፣ ብራዚል የሚባለው አገር በ1988 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባወጣው ሕግ የባሕር ዳርቻ የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው፤ ኮፓካባና አሸዋ ላይ ለመቀመጥ መግቢያ የሚቆርጥ የለም። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሕዝብ መሆናችንን በር ላይ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ መታወቂያ ሳይሆን ደረሰኝ ጠየቁኝ።

ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ውኃ እኮ የእኛ ነው። ርብና ጉማራ የሚነሡት ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ነው፤ አፈራችንን ተሸክመው፣ የፎገራን ሜዳ አልብሰው ጣና ይገባሉ። ውኃው በነጻ ወርዶ ይቀድመናል፤ እኛ በሚኒባስ እንከተለውና ከፍለን፣ ጀርባችንን ሰጥተን ተቀምጠን እንመለሳለን። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ያሉ አበው፣ ልጁ በጥሙ ላይ መግቢያ እንደሚጠየቅ አልታያቸውም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ለምን እዚሁ ጋይንት ቢች አንሠራም? ክረምት ላይ ውኃ የሚያቁር ሜዳ አይጠፋም። እሱን ማጠር፣ ድምፅ ማጉያ መስቀል፣ ቴሌቪዥን ማቆም፣ በቀይ ቀለም «መዋኘት ክልክል ነው» ብሎ መጻፍ፤ አለቀ። የጎደለው አሸዋ ብቻ ነው፤ አሸዋው ግን ባሕር ዳርም አልነበረም።

እርግጥ ድሮም ውኃ ዳር እንውል ነበር። እናት የሳምንቱን ልብስ በቁና ተሸክማ ወንዝ ትወርዳለች፤ እንዶዱ ይወቀጣል፤ ጋቢው በእግር ይረገጣል፤ ነጠላው ቋጥኝ ላይ ይሰጣል። ልብሱ እስኪደርቅ ልጆች የሚለብሱት የለምና ውኃ ውስጥ ይውላሉ። ቀትር ላይ ቆሎ ይበላል። ማታ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ እየተንቀጠቀጡ ይመለሳሉ። ያ ሁሉ መዝናናት አልነበረም፤ ሥራ ነበር፤ ማንም ፎቶ አላነሣንም፤ ስለዚህ አልቆጠርነውም።

ቤተ ልሔምንም እንዲሁ አልቆጠርናትም። ቶማስ ፓከናም የሚባል አየርላንዳዊ ጎልማሳ በ1955 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተራራውን አቋርጦ መጥቶ፣ በውጭ ሲያዩት እንደ ማንኛውም ክብ የሣር ክዳን የሚመስለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተሸሸገውን ጥንታዊ የድንጋይ ሕንጻ አይቶ ተደነቀ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፉም ለዓለም አወራ። የቆሎ ተማሪውም ከጎጃም ከሸዋ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በእግሩ ይመጣበታል። ከነፋስ መውጫ ቢች የሚወርዱትን ልጆች ግን «ቤተ ልሔምን አይታችኋል?» ብዬ ስጠይቃቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ። እንዴት ብለው ይዩት? ቴሌቪዥን የለውም።

ማምሻው ላይ ካርድ ቁጥር 14ን መልሰን አገልግላችንን ተቀበልን። እናቴ ክዳኑን ነካ ነካ አድርጋ፣ ጠፍሩ እንዳልተፈታ አይታ ጥበቃውን መረቀችው። ደብረ ታቦርን አልፈን፣ ክምር ድንጋይ ሳንደርስ ሾፌሩ ለራዲያተሩ ውኃ ሊቀዳ ከአንዲት ምንጭ አጠገብ ቆመ። ታኅሣሥ ነው፤ የጉና ብርድ አጥንት ይሰብራል። ማንም ምንም ሳይል ትንሹ ልጅ ወርዶ፣ ነጩን ጫማ እንዳደረገ ዘሎ ገባ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ እንኳ አልደረሰም። ጮኸ፤ ከብርዱ ይሁን ከደስታው እንጃ። እህቴ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ጫማዋን አወለቀች። እናቴ አገልግሉን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ፈታችው። ዶሮው ቀዝቅዟል፤ አንድም ፍርፋሪ ግን አልተረፈም። የእህቴ ባል ብቻ ስልኩን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ባትሪው አልቆበታል።

ያ ውኃ ርብን ወይ ጉማራን ተቀላቅሎ ጣና ይገባል፤ መግቢያ የሚቆረጥበት እዚያ ሲደርስ ነው። ለቤተሰብ የሚሆን ሌላ የውኃ ዳር ውሎ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ጥምቀት ጥር 11 ቀን ነው፤ በየደብራችሁ ወንዝ ዳር ይውላል፤ ልጅ ይረጥባል፤ አገልግል ይዞ መግባት ይፈቀዳል።