ቧንቧው ሲደርቅ ኢኮኖሚው ይለመልማል

ለደረቀው ቧንቧችን ምስጋና ይድረሰው። ውሃ በየቀኑ ይመጣ በነበረበት ዘመን አንድ ቤት ለሀገር ዕድገት የሚያዋጣው ከወሩ የውሃ ሂሳብ አያልፍም ነበር። ዛሬ ተመስገን ነው። ያው ቤት ሮቶ ገዝቷል፤ ሮቶው የሚቀመጥበትን ብረት አስበይዷል፤ ቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ ፓምፕ አስገጥሟል። ፓምፑ ከቻይና የመጣ ስለሆነ የተገዛበት ዋጋ ከሀገር ምርት ሂሳብ ይቀነሳል፤ ነጋዴው ያተረፈው ግን የእኛው ነው። ሮቶው ባዶ ሲሆን ባለጋሪው በጀሪካን ያመጣል፤ ለሕፃኑ ደግሞ የታሸገ ውሃ ይገዛል። የምንጠጣው ያው ውሃ ነው፤ እንዲያውም ቀንሷል። ጥቅል የሀገር ውስጥ ምርት ግን ያወጣነውን እንጂ የጠጣነውን አይጠይቅም።

መንገዱም እንደዚሁ ነው። አስፋልት ይነጠፋል፤ ዕድገት። ወር ሳይሞላው አንዱ መሥሪያ ቤት ቱቦ ረስቶ ኖሮ ይቆፍራል፤ ዕድገት። እሱ አፈሩን መልሶ ሳይጨርስ ሌላው ኬብሉን ይዞ ይመጣል። ዝናብ ይጥላል፣ ጉድጓዱ ይሰምጣል፣ ጭቃው ላይ አስፋልት ይደገማል፤ ዕድገት በዕድገት! ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ተነጋግረው አንዴ ብቻ ቢቆፍሩ ኖሮ ሀገር ስንት ምርት ታጣ ነበር። የምርት ስሌቱ ደንብ የተሠራውን ይደምራል እንጂ ያረጀውንና የፈረሰውን አይቀንስም፤ ለተቀናሹ በዜና የማይነበብ ሌላ መዝገብ አለው። ለመነጋገር የሚጠራው ስብሰባም ቢሆን ከንቱ አይደለም። የመንግሥት አገልግሎት ገበያ ላይ ስለማይሸጥ የሚለካው በወጣበት ወጪ ነው፤ ሦስት ቀን ተቀምጦ ያለ ውሳኔ የተነሣ ስብሰባ የተሰብሳቢዎቹን ደመወዝ ያህል አምርቶ ይበተናል።

ያሳፈሩን እናቶች ናቸው። ገበሬው ጎተራ ያስገባው ጤፍ ባይሸጥም ይቆጠራል። እናት ያንኑ ጤፍ አቡክታ፣ ጭስ እየጠጣች ስትጋግረው ግን በመዝገቡ ዘንድ ሥራ ፈት ናት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁለት ጎረቤታሞች አንዷ ለሌላዋ ትጋግርና ያው ብር ማታ ማታ ከመቀነት ወደ መቀነት ይመላለስ። እንጀራው አንድም አይጨምርም፤ ኢኮኖሚው ግን ይመነደጋል። የራሱ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ይጽናና። ስታቲስቲክሱ በገዛ ቤቱ ተከራይ አድርጎ፣ ለራሱ በየወሩ ኪራይ እንደሚከፍል አስቦለታል። እንዲህ ያለ ደግ አከራይ ከየት ይገኛል?

ይህ ሁሉ ልፋት ለከበደው ሀገር አቋራጭ መንገድ አለ፦ የስሌቱን መነሻ ዓመት መቀየር። ጋና እ.ኤ.አ. በ2010 በዚህ ዘዴ ምርቷን 60 በመቶ ገደማ ከፍ አድርጋ ከድሆች ተራ ወጣች። ናይጄሪያ በ2014 መነሻውን ከ1990 ወደ 2010 ስታሻግር 89 በመቶ ጨመረች፤ ማታ የተኛ ሕዝብ ደቡብ አፍሪካን በልጦ የአህጉሩ ትልቁ ኢኮኖሚ ሆኖ ነቃ። በእርግጥ ሞባይል ስልክንና ፊልምን በቅጡ የማያውቅ መዝገብ መታደስ ነበረበት። መብራቱ ግን እንደ ጠፋ ነበር። አየርላንድም በ2015 በ26 በመቶ ማደጓ ተነገረ፤ ያደገችው ፋብሪካ ተከፍቶ ሳይሆን የውጭ ግዙፍ ኩባንያዎች የፈጠራ መብታቸውን በወረቀት ወደዚያ አዛውረው ነው።

እኛም ከማንም አናንስም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የሀገሪቱን ግዝፈት በዶላር እየለካ ከጎረቤት ጋር ሲያፎካክር የከረመው ተንታኝ በአንድ ሌሊት ብር ወዳድ ሆነ። ሲመች በዶላር፣ ሳይመች በብር!

ሳይመን ኩዝኔትስ እ.ኤ.አ. በ1934 ለአሜሪካ ኮንግረስ የሀገር ገቢ ስሌቱን ሲያቀርብ፣ በዚህ ቁጥር የሕዝብን ደኅንነት መገመት እንደማይቻል አብሮ አስጠንቅቆ ነበር። ዓለም ሰውየውን አከበረው፤ በ1971 ኖቤል ሸለመው፤ ምክሩን ለሽልማቱ ማሸጊያ አድርጎ ቁጥሩን ይዞ ሄደ።

የእኛም የነፍስ ወከፍ ገቢ ከ1,000 ዶላር አልፏል። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ይህን በሬዲዮ ሰምቶ በራሱ፣ በሚስቱና በሦስት ልጆቹ ቁጥር ቢያባዛው የቤቱ ገቢ በዓመት 5,000 ዶላር ሆኖ አገኘው። ደስ ብሎት ለሚስቱ ነገራት። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ቀሪውን ለማን እንደምትሰጥ ንገረኝ» እያለች እንቅልፍ ነሥታዋለች።